በቁሜ የተጻፈው የሕይወት ታሪኬ

ራሴን ዝቅ አድርጌ የማየት ችግር እንዳለብኝ የነገረችኝ ልጄ ማስተዋል ናት። እኔ ትሕትና ነው እያልኩ ሃምሳ ዓመት ኖሬበታለሁ። እናቴ ትሕትና ነው ብላ አሳድጋኛለች፤ የንስሐ አባቴም ትሕትና ነው ብለው መርቀውኛል። አዲስ አበባ ሄዳ ሥራ የያዘች ልጅ በስልክ "አባዬ፣ ይሄ እኮ ሕክምና ያለው ነገር ነው" ስትለኝ ምን እላለሁ? ላስቸገርኳት ይቅርታ ጠየቅኳት።

ያጋነንኩ እንዳይመስላችሁ ትንሽ ማስረጃ ላቅርብ። ባጃጅ ተሳፍሬ ስሄድ መንገድ ዳር እጁን የሚያወጣ ሰው ካየሁ፣ ቤቴ ለመድረስ ገና ብዙ ሲቀረኝ "እኔ እዚሁ ነኝ" ብዬ እወርድለታለሁ። ክረምት ከበጋ እንዲሁ ነኝ፤ የደብረ ታቦርን የሐምሌ ዝናብ የቀመሰ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። እግሬን የረገጠኝን ሰው ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ። አንድ ቅዳሜ ገበያ ውስጥ በግ ረግጣኝ እሷንም ይቅርታ ብያታለሁ። ባለቤቷ ሲስቅ ስሰማ ለእሱም ጨመርኩለት።

የምሠራው ከዞኑ መሥሪያ ቤቶች በአንዱ፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። የቀድሞው ኃላፊ ጡረታ ከወጡ ወዲህ "ተጠባባቂ ኃላፊ" እባላለሁ። ተጠባባቂ ማለት ሥራውን ትሠራለህ፣ ፊርማውን ትፈርማለህ፣ ወቀሳውን ትቀበላለህ፣ ወንበሩ ግን ያንተ አይደለም ማለት ነው። እኔማ የእውነቴን አልተቀመጥኩበትም። ባለመደገፊያው የኃላፊ ወንበር ፋይል ተከምሮበት ጥግ ይዞ ይኖራል፤ እኔ ከጎኑ በርጩማዬ ላይ ነኝ። ቦታው ሦስት ጊዜ ማስታወቂያ ወጥቶበታል። ሦስቱንም ጊዜ ሌላ ሰው አሸንፎ መጣ፤ ሥራውን ከእኔ ተማረና ወደተሻለ ቦታ ተዛወረ፤ እኔም ወደ ተጠባባቂነቴ ተመለስኩ።

የምወድቀው በሥራ ልምድ አይደለም፤ በአንዲት ሣጥን ነው። የውድድሩ ቅጽ ላይ "ደካማ ጎን" እና "ጠንካራ ጎን" የሚሉ ሁለት ሣጥኖች አሉ። የመጀመሪያዋ ትጠበኛለች። በግምገማ ስብሰባ የበሰልኩ ሠራተኛ ነኝና በግለ ሂስ የሚስተካከለኝ የለም፤ ሌላው "አልፎ አልፎ አረፍዳለሁ" ብሎ ሲቀመጥ እኔ ሰብሳቢው በቃህ እስኪለኝ ድረስ ራሴን እከሳለሁ። ደካማ ጎኔን ከፊት ጀምሬ ወደ ጀርባው እገለብጥና ተጨማሪ ወረቀት አያይዛለሁ። ሁለተኛዋን ሣጥን ግን ባዶዋን እመልሳታለሁ። ሰው እንዴት ቁጭ ብሎ በገዛ እጁ "እኔ ጎበዝ ነኝ" ብሎ ይጽፋል? እርግጥ አገራችን ፉከራ አላት፤ ፉከራ ግን ጠመንጃ ይፈልጋል። እኔ እጅ ላይ ያለው ስቴፕለር ነው።

ዘንድሮ ማስታወቂያው ለአራተኛ ጊዜ ሲወጣ አንድ ነገር ተጨመረበት። መዋቅሩ ስለተስተካከለ ከእንግዲህ ተጠባባቂ የሚባል ነገር የለም፤ ቦታውን ያላገኘ ገሳይ ከተማ ይመደባል። ገሳይን ጠልቼ አይደለም፤ ሰዎቿ ደጎች ናቸው፤ ብርዷ ግን ለወጣት ነው። ባለቤቴ የሺ ማስታወቂያውን አነበበችና ወረቀቱን አጠፈችው።

"ቦታውን ብታጣ አልቀየምህም፤ ገሳይም ቢሆን ተከትዬህ እሄዳለሁ" አለች። "ሣጥኗን ባዶ ከመለስካት ግን እቀየምሃለሁ።"

የሺ በትዳር ዘመናችን ሁሉ እቀየማለሁ ብላ አስጠንቅቃኝ አታውቅም። ለማስተዋል የደወልኩት በዚያ ምክንያት ነው።

ልጄ በስልክ ቪዲዮ የሚያክሙ አማካሪዎችን እንዴት እንደምፈልግ አስረዳችኝ። ለካ ይህ ገበያ ከቅዳሜ ገበያ ይሰፋል። አንዱ በራስ መተማመንን በሰባት ቀን አስጨብጣለሁ ይላል፤ አንዱ በሦስት ቀን። ሌላው ሱፍ ልብስ ግጥም አድርጎ "መስታወት ፊት ቆመህ አንበሳ ነኝ በል" ይላል። ሞከርኩት። የሺ ከጓዳ "ማንን ነው የምታናግረው?" አለችኝ፤ ተውኩት።

አንደኛው ገጽ ስሜን እንኳ ሳይጠይቅ "ለራስዎ ከአሥር ስንት ይሰጣሉ?" አለኝ። ሦስት የሚለውን ነካሁ። ትንሽ ሳስበው ትዕቢት መሰለኝና ወደ ሁለት አወረድኩት። ማሽኑም አንድ ወጣት አማካሪ መደበልኝ። ወጣቱ ስለ ራሴ እንድነግረው ሲጠይቀኝ፣ ስለ ራስ ማውራት ስላልለመድኩ "አንተስ እንዴት ነህ?" አልኩት። እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም መሰለኝ፣ እጮኛው ጥላው እንደሄደች ነገረኝ። አጽናናሁት፤ ሥራውን እንዳይተው መከርኩት፤ በመሀል ሰዓታችን አለቀ። ሲሰናበተኝ ብዙ እንደቀለለው ነግሮኛል። ማስተዋል እንዴት እንደነበር ስትጠይቀኝ የሆነውን ነገርኳት። "ታዲያ ማን ነው የታከመው?" አለችኝና፣ በማግስቱ ወይዘሪት ሶስና የምትባል የሥነ ልቦና አማካሪ ራሷ ፈልጋ አገኘችልኝ።

ቤት ውስጥ ኔትወርክ የለም፤ ቢኖርም የሺ አለች። መታከሜን እንድታውቅ አልፈለግኩም፤ ሳይሳካ ቢቀር ሁለት ጊዜ ማፈር ነው። መሥሪያ ቤት ደግሞ ኔትወርክ የሚገባው በመዝገብ ቤቱ የኋላ መስኮት በኩል ብቻ ነው። ስለዚህ በምሳ ሰዓት፣ ሰው ወጥቷል ባልኩበት ጊዜ፣ ስልኬን የጡረተኞች ፋይል ላይ አስደግፌ በርጩማዬ ላይ ተቀመጥኩ። ወይዘሪት ሶስና ብቅ አለች። መነጽር ያደረገች፣ ልጄን የምታክል ሴት ናት። ሰው ሲመጣ ተቀምጬ አላውቅምና ብድግ አልኩ።

"ኖር" አልኩ።

መነጽሯን አስተካከለች።

"ጋሼ፣ እኔ የሚታየኝ ቀበቶዎ ነው" አለች።

"ኖር ብዬ ነው።"

"ይቀመጡ።"

"እርስዎ ይቀመጡ እንጂ።"

"እኔ ተቀምጫለሁ።"

እኛ ዘንድ ታላቅ ሰው ሲገባ ተነሥቶ "ኖር" ማለት፣ ገቢውም "በእግዜር" ብሎ ማስቀመጥ ያለ ነው። እኔ ከሁሉ ታናሽ ነኝ ብዬ ስለማምን ለሁሉም እነሣለሁ፤ ለተላላኪም፣ ለሰላምታ ብቻ አንገቱን ብቅ ላደረገም። በስልክ ለሚመጣ ሰው ደንቡ ምን እንደሆነ ግን ያስተማረኝ የለም። በእግዜር የሚለኝ ሳጣ ቆሜ ቀረሁ። እንደምንም ከተቀመጥኩ በኋላ ደግሞ ከሶስና ጀርባ አንድ ሰው በር ከፍቶ ሲያልፍ አየሁና ተነሣሁ። በመጀመሪያው ቀጠሮ አራት ጊዜ ተነሥቻለሁ፤ ሶስናም አራቱንም ጊዜ ደብተሯ ላይ አንድ ነገር ጽፋለች።

"እንዲህ የሚሰማዎት ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለችኝ።

"ዶክተር፣ ከልጅነቴም አለ። አሁን ግን ብሶብኛል።" ዶክተር እንዳልሆነች ነግራኛለች፤ ዝቅ አድርጌ መጥራት ግን አልሆነልኝም።

"ሥር የሰደደ ነገር ነው፤ በአንድ ቀን አይለቅም። ስምንት ሳምንት ይዘናል። አይዞዎት፣ አብረን እንታገለዋለን።"

ይህ ሁሉ ሲሆን ከመደርደሪያው ወዲያ የሥራ ባልደረባዬ ወይዘሮ እታገኝ ምሳዋን ትበላ ነበር። ሁልጊዜ ለምሳ ወደ ቤቷ የምትሄድ ሴት ያን ቀን ዝናብ ይዟት ቀርታለች። እኔ ይህን ያወቅኩት በጣም ዘግይቼ ነው።

ሶስና የቤት ሥራ ሰጠችኝ፤ ስለ ራሴ አሥር መልካም ነገር ጽፌ እንዳመጣ። ያቺው ሣጥን በሌላ በር መጣች ማለት ነው። ሦስት ቀን ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። "ሰዓት አከብራለሁ" ብዬ ጻፍኩ፤ በአንድ የጥምቀት ማግስት ማርፈዴ ትዝ አለኝና ሰረዝኩት። "ታማኝ ነኝ" ብዬ ጻፍኩ፤ የምጽፍበት እስክሪብቶ የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ ሰረዝኩት። "ትሑት ነኝ" ብዬ ጻፍኩ፤ ትሑት ሰው እንዲህ ብሎ አይጽፍም፤ እሱንም ሰረዝኩት። በሦስተኛው ቀን ወረቀቱ ላይ ሳይሰረዝ የቀረው ከላይ የጻፍኩት ቀን ብቻ ነበር።

በዚያው ሳምንት የሰፈራችን ሰው ዐርፎ ቀብር ሄድኩ። የሕይወት ታሪኩን ያነበቡት መምህር ገበየሁ ናቸው። መምህር ጡረታ የወጡ አስተማሪና የእድራችን ጸሐፊ ናቸው፤ በሰፈራችን ሰው ሲሞት የሚነበበውን ሁሉ የሚጽፉት እሳቸው ናቸው። በእሳቸው ብዕር መጥፎ ሆኖ የተቀበረ ሰው የለም። ከሰፈሩ ሁሉ ጋር ሲካሰስ የኖረውን "ለመብቱ የቆመ" ብለውታል። ከጠጅ ቤት ደግፈን ስናመጣው የኖርነውን "ጨዋታ ዐዋቂና ሰው ወዳድ" ብለውታል። ያን ቀን ባርኔጣዬን አውልቄ ስሰማ ነገሩ በራልኝ። ለካ የሰው መልካም ጎን አንድ በአንድ የሚዘረዘርበት ቦታ አለ። ጉድለቱ ባለቤቱ አለመስማቱ ብቻ ነው።

በነጋታው ቤታቸው ሄድኩ። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው የእድር ወረቀት ያገላብጣሉ።

"መምህር፣ ካላስቸገርኩዎት የሕይወት ታሪክ እንዲጽፉልኝ ነበር።"

"የማንን?"

"የኔን።"

መነጽራቸውን አወለቁ። ትንሽ አዩኝና መልሰው አደረጉት።

"ሐኪም አይቶሃል?"

"አዲስ አበባ ያለች ዶክተር በስልክ ታየኛለች።"

"ምን አለችህ?"

"ሥር የሰደደ ነው፤ ግን እንታገለዋለን አለችኝ።"

"ጊዜ ቆርጣልሃለች?"

"ስምንት ሳምንት። አንዱ አልፏል።"

መምህር ወደ ግድግዳው ዞሩ። የሺ ታውቅ እንደሆነ ጠየቁኝ። እንደማታውቅ ነገርኳቸውና እንዳይነግሩብኝ አደራ አልኳቸው።

"ይኸውልህ ልጄ" አሉ ትከሻዬን ይዘው፣ "ስንቱን ጽፌያለሁ፤ እንዲህ ሳይደነብር ራሱ መጥቶ ያሰናዳ ሰው አይቼ አላውቅም። እንዳው የሚያኮራ ነገር ነው እንጂ የሚያሳፍር አይዶለም። ከሚያውቁህ ሰዎች ጠይቄ ደህና አርጌ እጽፍልሃለሁ።"

ስወጣ እስከ ደጃፍ ሸኙኝ። ለጉልበታቸው ሲሉ ከወንበር የማይነሡ ሰው ናቸው። እኔም ሕክምናው እንዲህ ቶሎ መሥራቱ ገርሞኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሰኞ ጠዋት አለቃችን አቶ ደሴ በር ላይ ጠብቆ አገኘኝ። አቶ ደሴ እስከዚያ ቀን ድረስ ከ"ፋይሉ የታለ?" ሌላ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። እጄን በሁለት እጁ ያዘና "በሥራ መሀል ያስቀየምኩህ ነገር ካለ፣ ለእግዜር ስትል ተወው" አለኝ። ያን ቀን የተሳፈርኩበት ባጃጅ ሾፌር ልውረድ ብለው አሻፈረኝ ብሎ ደጄ ድረስ አደረሰኝ። ማክሰኞ ደግሞ ጎረቤቴን አቶ ጥጋቡን አጥር ሲተክል አገኘሁት። ይህ አጥር ካቻምና በአንድ እርምጃ ወደ ግቢዬ ገብቶ ነበር፤ እኔም እንጨቱ በራሱ እግር የሄደ ይመስል ዝም ብዬ ነበር። ሰውዬው ነቅሎ በቀድሞው ቦታ እየመለሰው ነው።

"መሬት ምን ይሠራል?" አለኝ ላቡን እየጠረገ። "ስንት ክንድ ነች የምትበቃን።"

እሑድ ብርቱካንና ጭማቂ የያዘ ሰው ቤታችንን ሞላው። የንስሐ አባታችን ጠበል ይዘው መጥተው ከራሴ እስከ እግሬ ረጩኝ። የሺ በዓል ሳይሆን ዶሮ ሠራች። ዓይኗ ቀልቶ ስለነበር ምን ሆነሽ ብላት ሽንኩርት ነው አለችኝ።

ነገሩን አሁን ነው የማውቀው። እታገኝ የሰማችውን ለአቶ ደሴ ነግራለች፤ መምህር የሕይወት ታሪኬን ሊጠይቁ ሲዞሩ ደግሞ ወሬው ማረጋገጫ አግኝቶ የሺ ዘንድ ደረሰ። ለታመመ ሰው ሕመሙን በፊቱ ማንሣት እኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ስለዚህ ለእኔ የነገረኝ የለም። ክፉ ወሬም ሩቅ ላለ ልጅ በስልክ አይነገርም፤ ስለዚህ የሺ ለማስተዋል አልደወለችም። እኔ ደብቄአታለሁ ብላ፣ እሷም ማወቋን ደበቀችኝ።

ያን ጊዜ ግን ለሶስና የነገርኳት ሌላ ነው። "ዶክተር፣ ሰዉ ያከብረኝ ጀመር፤ አጥር ሳይቀር ተመለሰልኝ" አልኳት። ደስ አላት። "አዩ፣ እርስዎ ለራስዎ ያለዎት ግምት ሲስተካከል የሰዉም አብሮ ይስተካከላል" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ደረቴን ነፋ አድርጌ መሄድ ጀመርኩ። አቶ ደሴ እንዲያ ስሄድ በመስኮት አይቶኝ መሐረቡን አወጣ።

ቅጹ የሚመለስበት ቀን ሲደርስ መምህር ጽሑፋቸውን በፖስታ አድርገው ሰጡኝ። መስኮቱ ሥር ቆሜ አነበብኩት። አጀማመሩ የተለመደው ነው፤ በአንበሳሜ አቅራቢያ ከእገሌና ከእገሊት ተወለደ፣ የአስኳላ ትምህርቱን እዚህና እዚያ ተከታተለ፣ በመዝገብ ቤት ተጠባባቂ ኃላፊነት አገለገለ ይላል። መጨረሻ ላይ ያለው ቀን በነጥብ ተትቷል፤ የእድሩ ቅጽ እንዲያ ስለሆነ ነው ብዬ አለፍኩት። መሀሉ ላይ ስደርስ ግን ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አስጠጋሁት። "አንድም ፋይል ጠፍቶበት አያውቅም" ይላል። "ሰው አሳፍሮ አያውቅም" ይላል። "ለሌላው ቦታ ለመልቀቅ ሲል 'እኔ እዚሁ ነኝ' እያለ ወርዶ በዝናብ እንደሚሄድ የባጃጅ ሾፌሮች ሁሉ ያውቁ ነበር" ይላል። ለካ ያውቁ ነበር። ቀጥሎ የየሺ ቃል አለ።

"ባለቤቱ እንደተናገረችው፣ ከእሷ ቀድሞ ጎርሶ አያውቅም። እሷም ይህን ዕለት ዕለት እያየች አንድ ቀን እንኳ ሳትነግረው መቅረቷ ይቆጫታል።"

አለቀስኩ። የጡረተኞቹ ፋይል ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ደስ ብሎኝም ነው፣ ሆዴን በልቶኝም ነው። ዓይኔን አደራረቅኩና "ጠንካራ ጎን" የምትለዋን ሣጥን "አባሪውን ይመልከቱ" ብዬ ሞላኋት፤ የመምህርን ጽሑፍም ከቅጹ ጋር በስቴፕለር መታሁት።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ውጤት ለመስማት አዳራሽ ተጠራን። አቶ ደሴ ወረቀቱን ይዞ ተነሣ።

"በነጥብ አንደኛ የወጣው ወንድማችን ነው" ብሎ ስሜን ጠራ። "ነገር ግን ኮሚቴው ያለበትን ሁኔታ አይቶ፣ በዚህ ሰዓት ሥራ መጫን ግፍ ነው ብሏል። ቤቱ ሆኖ እንዲያርፍ ፈቃድ ይሰጠው፣ ገሳይም አይሂድ፤ ቦታው ለሁለተኛው ይተላለፍ ብለን ተስማምተናል።"

እታገኝ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ሁሉም ነገር ያን ጊዜ ባንዴ ገባኝ፤ ስምንቱ ሳምንት፣ አጥሩ፣ ብርቱካኑ፣ ጠበሉ፣ የየሺ ሽንኩርት። ለካ እኔ ደረቴን ነፍቼ የሰነበትኩት ወደ ገዛ ቀብሬ ስሄድ ነው።

"የምትለን ነገር ካለ" አለኝ አቶ ደሴ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ተነሣሁ። አዳራሹ ሙሉ አብሮኝ ተነሣ። በሕይወቴ ለእኔ ሰው ሲነሣ ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ጭንቄን ልንገራችሁ። ደህና ነኝ ካልኩ አለቃዬ በጉባኤ ፊት ያፍራል፤ እታገኝ ታፍራለች፤ መምህር ገበየሁ በሰፈሩ ሁሉ ፊት ያፍራሉ። ስለ እኔ ከተጻፈው ውስጥ ደግሞ ከልቤ ያመንኩት "ሰው አሳፍሮ አያውቅም" የሚለውን ነበር። ዝም ካልኩ ማንም አያፍርም። ፈቃዴን ተቀብዬ ቤቴ እገባለሁ። ከዚያ ስምንቱ ሳምንት ሲሞላ ሳልሞት መገኘቴ ራሱ ይሉኝታ ይሆንብኛል። እኔ በይሉኝታ የማልደርስበት ቦታ የለም፤ ሰው እንዳይቀየመኝ ብዬ ልሞት እንደምችል ያን ቀን ከልቤ ፈራሁ።

"ይቅርታ" አልኩ በልማዴ።

ከዚህ ቃል ቀጥሎ የሚመጣውን አፌ አያውቀውም ነበር። አይታ ዝም በማለቷ የቆጫት የሺ ትዝ አለችኝ። እኔም ዝም ስል ስንት ዓመቴ ነው።

"ይቅርታ፣ አልታመምኩም" አልኩ። "ደህና ነኝ። ቦታውን እፈልገዋለሁ።"

ሰው ሁሉ እንደቆመ ቀረ። መጀመሪያ የተናገረችው እታገኝ ናት።

"በጆሮዬ ሰምቼ? ዶክተሯ ሥር የሰደደ ነው እያለችህ?"

"የንግግር ሕክምና ነው። ከአማካሪ ጋር ማውራት ነው።"

"ማውራቱ ምን እንዲያደርግልህ?" አለ አቶ ደሴ።

"ይኼን እንድናገር።"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ከወንበር ወንበር እየዞረ መጣና አቶ ደሴ ዘንድ ሲደርስ ቆመ። አቶ ደሴ አልሳቀም። ወረቀቱን ሲያየው ቆየ። "ነጥቡስ ያው ነጥብ ነው" አለ የኮሚቴው ጸሐፊ በመጨረሻ፤ ቃለ ጉባኤውም እንደገና እንዲጻፍ ተወሰነ። እታገኝ ግን ስንወጣ በሩ ላይ ያዘችኝ። "ስንት ቀን አልቅሼልህ እኮ ነው" አለችኝ። ይህን እንዴት እንደሚመልሱት ሶስናም አላስተማረችኝ።

ለየሺ ስነግራት ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። ሁለት ቀን አላናገረችኝም፤ እውነቷን ነው፣ ቀብራኝ ጨርሳ ነበር። በሦስተኛው ቀን ራት አቀረበችና እንደ ልማዴ እስክትጀምር ስጠብቅ እጇን ሰበሰበች።

"ዛሬ አንተ ቅደም" አለች።

"ኧረ አንቺ።"

"ብላ ብያለሁ።"

ቀድሜ ጎረስኩ። ጥሩ ወጥ ነበር፤ ጥሩ ነው ብዬም ነገርኳት።

አቶ ጥጋቡን ቅዳሜ አጥሩን እንደገና ሲነቅል ደረስኩበት። "ተሻለህ አሉ፤ እግዜር ይመስገን" አለኝ ቁፋሮውን ሳያቋርጥ። "ባለበት ተወው" አልኩት። ሁለታችንም ደነገጥን፤ አጥሩ ግን ባለበት ቀረ። በመጨረሻው ቀጠሮ ሶስና ለራሴ ከአሥር ስንት እንደምሰጥ ጠየቀችኝ። አራት አልኳት። የበዛ መስሎኝ ላወርደው ስል ጽፈዋለሁ ብላ ጻፈችው።

ሹመቴ በደረሰኝ ዕለት ፋይሎቹን ከኃላፊው ወንበር ላይ አንሥቼ አቧራውን ጠረግኩና ተቀመጥኩ። ወዲያው በሩ ተከፈተና መምህር ገበየሁ ገቡ። ደረጃውን ወጥተው ትንፋሻቸው አጥሯል። ብድግ አልኩ።

"ኖር፣ መምህር።"

"በእግዜር፣ ተቀመጥ" አሉኝ። በርጩማዬን ስቤ ሰጠኋቸው። ከኮታቸው ኪስ የሕይወት ታሪኬን ግልባጭ አወጡ። እኔም ያ ሁሉ ድካማቸው በከንቱ መቅረቱ ከነከነኝና ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት በእጃቸው ከለከሉኝ።

"በከንቱ አይዶል። አንድ ቀን ይነበባል፤ ሁላችንም ይነበብልናል" አሉ። መነጽራቸውን አደረጉና እስክሪብቷቸውን አንዲት ቃል ላይ አሳረፉ። "እዚች ላይ 'ተጠባባቂ ኃላፊ' ብዬሃለሁ። 'ተጠባባቂ' የምትለዋን ልሰርዛት ወይ ብዬ ነው የመጣሁ።"

ለአንዲት ቃል ይህን ሁሉ ደረጃ ከሚወጡ ይቅርብኝ ልል ነበር። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

"ይሰርዟት" አልኳቸውና ተቀመጥኩ።